ከድሬዳዋ ለጀማሪ ዘጋቢዎች

ውድ ልጆቼ፣

የሃይማኖት ዘገባ ወገንተኛ ነው ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ስድብና ውንጀላ ነው። ስድቡን አርታኢ ይሰርዘዋል፤ ሕግም አለበት። እኔን ዕድሜ ልኬን ሲያሳስበኝ የኖረው ግን ጨዋ መስሎ የሚያልፈው ነው፤ አንዱ ቤተ እምነት በራሱ አንደበት ሲናገር ሌላው በሰው አፍ ብቻ የሚወራበት ዜና።

ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በየዓመቱ ገጽ ያገኛል። ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ተጾሞ የሚከበረው፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሐረር ሸዋል ዒድም እንዲሁ። እሰየው! ነገር ግን ዘገባዎቹን አንብቧቸው። የሚናገሩት የፖሊስ አዛዡና የቱሪዝም ኃላፊው ናቸው። ስለቱን ይዞ በእግሩ የመጣውን ምእመን፣ ስድስቱን ቀን የጾመችውን እናት የጠየቀ የለም። "በድምቀት ተከበረ" ተብሎ ይዘጋል። የወንጌላውያንና የካቶሊኮች ደግሞ ይብሳል፤ የመቃብር ቦታ ወይም የይዞታ ክርክር ካልተነሳ ስማቸው አይጠራም። አንባቢ የሚያውቃቸው በጠብ ብቻ ይሆናል።

"ቁጥራቸው ትንሽ ነው" የሚል አርታኢ ይገጥማችኋል። እውነት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከድሬዳዋ ነዋሪ 71 በመቶ ያህሉ ሙስሊም፣ ሩብ ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 3 በመቶ ገደማው ፕሮቴስታንት ነበር። የዜናው ርዝመት በቁጥር ይመዘን ይሆናል፤ ለተነገረበት ነገር መልስ የመስጠት መብት ግን አይመዘንም። "ደወልን፣ አላነሱም" የሚለውንም ሰበብ አትቀበሉ። ትልቁ ተቋም የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አለው፤ የትንሿ ጉባኤ ተጠሪ ግን ቀኑን ሱቃቸው ውስጥ የሚውሉ አንድ ሽማግሌ ሊሆኑ ይችላሉ። ማታ ሂዱና በራቸውን አንኳኩ።

ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1905 ሐረር ላይ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ጀምረው ነበር። የቤተ እምነት ጋዜጣ ለራሱ ወገን ቢናገር አልወቅሰውም፤ አንባቢው የማን እንደሆነ አውቆ ይገዛዋል። እናንተ የምትሠሩበት ጋዜጣ ግን የሁሉም ነኝ ብሎ ነው የሚሸጠው።

ስለዚህ ያለፈውን ወር እትሞች አውጡና በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የገባው የማን ቃል እንደሆነ እያሰመራችሁ እዩ። ውጤቱን ለኤዲቶሪያል ስብሰባ አቅርቡ፤ ቢቆጧችሁም አቅርቡ። የራሳችሁን እምነት የሚነካ ዜና ስትጽፉ ደግሞ ከመታተሙ በፊት የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ባልደረባችሁ ያንብበው። ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ባልደረባ አይታጣም።