ወንዙ ድንገት ከጎደለ ሽሹ

የጎረቤቴ ልጅ ሰሞኑን "ጋሼ፣ እኛ ሰፈር ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ እንዴት ሞላ?" ብሎ ጠየቀኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ ላይ፣ እንጦጦ ሥር ነው። ላይ ዘንቦ ነዋ! እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ግን 2,100 ሜትር ገደማ። በዚህ ቁልቁለት ውሃ ለመስረግ ፋታ የለውም። ባህር ዛፉ ሥር ሣር እንደ ልብ አይበቅልም፣ የረገፈውም ቅጠል ለማገዶ ይጠረጋል። ታች ያለው ሰው ፀሐይ እየሞቀ ጎርፍ ይደርስበታል።

ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ በዚሁ አካባቢ መንገድ ሥር የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ሊቀበር ልኬት እንወስድ ነበር። ሐምሌ ነው፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ቆሙና "ልጄ፣ ዝናቡ እየጣለ ወንዙ ድንገት ከጎደለ እዚህ እንዳትቆም፣ ሽሽ" አሉኝ። ለምን ስላቸው "ላይ ተዘግቷላ! የታቆረው ሲለቀቅ ድንጋይና ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው።" የተደገፉትን ድንጋይ መታ መታ አደረጉት። ወገቤ ድረስ ይደርሳል። እሱንም ያመጣው ውሃው ነው አሉ።

ለኃላፊያችን ነገርኩት። ሪፖርት ውስጥ የሚገባው የዝናብ መጠን እንጂ የመንገደኛ ወሬ አይደለም አለኝ። ቱቦው የተሰላው ለውሃ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ክረምት ግንድ አፉን ወተፈው፣ ጎርፉ መንገዱን ዘሎ ታች ካለ ቤት ገባ። ሰዎቹ ተረፉ፣ ከብቶቹ አለቁ። እኚያ እናት ስለዚያ ወንዝ ሌላም ስንት ነገር ያውቁ ነበር፣ የጠየቃቸው የለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሕንድ ውስጥ ኬዳርናት ላይ በፈረንጆቹ 2013 የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከባድ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ከከተማው በላይ ያለውን ሐይቅ ሞላው። ሐይቁን የያዘው የበረዶ ግግር ትቶት የሄደ የአፈርና የድንጋይ ክምር ነበር፣ ተደረመሰ። በዚያ ሰሞን በአካባቢው በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። እኛ ጋ የበረዶ ግግር የለም፣ ላይ የሚታቆር ውሃ ግን አለ።

የዛሬ ልጆች የአየር ትንበያ ከስልካችሁ ታያላችሁ፣ ጎበዞች ናችሁ። ግን ስልኩ የሚነግራችሁ ስለ ከተማው ነው፣ ጎርፉን የሚልከው ተራራው ነው። ደግሞ ትቸኩላላችሁ። ወንዝ ዳር ያለ ቦታ ዋጋው ረከሰ ብላችሁ ቀብድ ትከፍላላችሁ። ደላላው የሚያሳያችሁ በበጋ ነው። ነሐሴ ላይ ሂዱና እዩት፣ ሰፈሩ ውስጥ የኖረ አዛውንት ፈልጋችሁ ውሃው የት ድረስ ወጥቶ እንደሚያውቅ ጠይቁ።

የደቡቡን ጎፋ ዞን አትርሱ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሁለተኛው ወረደ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ዝናብ የጠገበ ተራራ አንዴ ከተናደ ቀሪው አፈር ድጋፍ አጥቶ ይንጠለጠላል። ስለዚህ እንዳትጠጉ እላለሁ። ወገኔ ተቀብሮ ግን እኔም ቆሜ አላይም፣ እናንተም አትችሉም። ቢያንስ አንድ ሰው አካፋውን ይጣልና ሽቅብ ሽቅቡን ይመልከት። ጠጠር መንከባለል ከጀመረ፣ ዛፍ ካዘነበለ፣ አዲስ ስንጥቅ ካየ ይጩህ፤ ሁላችሁም ወደ ጎን ሩጡ፣ ቁልቁል አይደለም።