ኪቱ የካደው፣ ኪቱ የዋሸው

በቅርቡ የተመረቀ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ በቴሌግራም እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «እትዬ፣ ለወባ አርዲቲ (ፈጣኑ መመርመሪያ ኪት) በሩብ ሰዓት መልስ ይሰጠናል። ስላይዱንም ነገ ኤአይ ያነበዋል። ታዲያ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰን ዓይናችንን የምናጠፋው ለምንድን ነው? እርስዎ ዛሬ ተማሪ ቢሆኑ ይለፉበት ነበር?»

የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ሁለት መስመር ጽፌ ልልክለት ጀመርኩና ተውኩት። አንድ ደብተር ትዝ አለኝ። ያ ደብተር ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንገበግበኛል። ስለዚህ መልሱን ረዘም አድርጌ፣ ለእሱም ለእኩዮቹም ልጻፈው አልኩ።

ጓንት አድርጉ፣ ስላይድ ላይ ቁጥር ጻፉ፣ እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ አልላችሁም። ይሄን አስተማሪዎቻችሁ ነግረዋችኋል።

ሥራ የጀመርኩት በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ ሰሊጥ በሚመረትበት አገር፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የቀን ሠራተኛው ከደጋ ይወርዳል። ለወባ እንግዳ ነው። ብዙ ሳይቆይ እየተንቀጠቀጠ እኛ ደጃፍ ላይ ይኮለኮላል። ላቦራቶሪው አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያ ውስጥ ጋሼ ነበሩ።

ጋሼ ከወባ ማጥፊያ ድርጅት ዘመን የተረፉ፣ ናዝሬት የሠለጠኑ ሰው ናቸው። የደምቢያ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 አገራችንን የመታውን የወባ ወረርሽኝ አንብባችሁ ይሆናል። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ደምቢያ ክፉኛ ከተጎዱት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ጋሼ ያኔ ሕፃን ነበሩ። ስለዚያ ዓመት ሲጠየቁ «እህል ነበር፣ አጫጅ አልነበረም» ይሉና ዝም ይላሉ። እኛም አንገፋቸውም።

ቢኤፍ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ የሚታየውን የደም ስሚር፣ ሲሠሩ ብታዩአቸው! ደሙን በሌላ ስላይድ ጠርዝ እያዞሩ ይዘረጉታል፤ ስፋቱ ከአሥር ሳንቲም ፍራንክ አይበልጥም። ከዚያ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁራጭ ላይ ያስቀምጡታል። ፊደሉ ከደሙ ሥር ካልታየ ወፍሯል፤ ጥርት ብሎ ከተነበበ ደግሞ ሳስቷል። ሲደርቅ አጠገቡ ቆመው ዝንብ ያባርራሉ። ዝንብ ደሙን ልሶ ይጨርሰዋላ። መብራት ስለማይታመን መስታወት ያለውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ መስኮቱ ጋ አድርገው በፀሐይ ብርሃን ያያሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው። አንድ ቀን ተቻኩዬ ወፍራሙን ስሚር ሜታኖል ነካሁት፤ ሜታኖል የነካው ቀይ ሕዋስ አይፈርስም፣ ተህዋሱን ይሸፍናል። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ደም ቀይ ሆኖ ከቀረ ምኑን ልታዪ ነው?» ብለው ሌላ ስላይድ ሰጡኝ። በዚያው አለፈ።

ኔጋቲቭ ለማለት መቶ ፊልድ (በማይክሮስኮፑ በአንዴ የሚታየው ክብ ነው) መታየት አለበት። መቁጠሪያችን ተሰብሯል። ጋሼ አሥር ሽምብራ ስኒ ውስጥ ያስቀምጡና አሥር ፊልድ ባዩ ቁጥር አንዱን ወደ ሌላ ስኒ ይጥላሉ። አሥሩም ሳይሻገሩ «የለም» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ቆሎ ስለነበር አንዳንዴ እንበላባቸው ነበር። በጣም ይናደዳሉ።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አርዲቲ በሰፊው ገባ። እውነት ለመናገር ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት መብራትም ማይክሮስኮፕም የሌለው ጤና ኬላ ላይ ወባ የሚታከመው በግምት ነበር። ትኩሳት ያለው ሁሉ ወባ ነው። አሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣት ወግታ፣ ጠብታ ደም አድርጋ፣ መስመር ታያለች። ይሄን የሚያናንቅ ሰው ገጠር ሠርቶ አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የቀን ሠራተኛ ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። ጤና ኬላ ላይ ኔጋቲቭ ተብሎ ፓራሲታሞል ተሰጥቶታል። እኛም ኪቱን ደገምነው፤ ኔጋቲቭ። ጋሼ ቢኤፉን አዩ። ከዚያ ወንበሩን ለቀውልኝ «ተቀመጪ፣ እዪ» አሉኝ። ፊልዱ በፋልሲፓረም፣ በገዳዩ የወባ ተህዋስ፣ ቀለበት መሳይ ቅርጾች ተሞልቷል። አንዳንዱ ቀይ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆኖ። ኪቱን እንደገና አየሁት። ኪቱ መሥራቱን ከሚያሳየው ከመቆጣጠሪያው መስመር በቀር ባዶ ነው። ልጁ ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ዳነ።

ደብተሩ ከዚያ በኋላ ተጀመረ። ሰማያዊ ልባስ ያለው የተማሪ ደብተር ነው። ጋሼ ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈሉት። በግራ «ኪቱ የካደው»፣ በቀኝ «ኪቱ የዋሸው»። የካደው ማለት ስላይዱ ላይ ተህዋስ እያለ ኪቱ የለም ያለው ነው። የዋሸው ማለት ታክሞ ድኖ፣ ከሳምንታት በኋላ ለሌላ ሕመም ሲመጣ ኪቱ አሁንም አለ የሚለው። ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ በሽተኛው የመጣበት ቀበሌ፣ የኪቱ ሎት ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረቱት የሚለዩበት) ሳይቀር ይጽፋሉ። የእጅ ጽሑፋቸው የድሮ የቄስ ተማሪ ቤት ጽሑፍ ነው፤ ለዓይን ደስ ይላል።

ለሱፐርቪዥን የመጡ ሰዎች ደብተሩን አይተው ሳቁ። ኪቱ ዓለም አቀፍ እውቅና አለው፣ የእርስዎ ዓይን ግን ደክሟል፣ የቀለም ዝቃጭ አይተው ይሆናል አሏቸው። እኔም አይቻለሁ ብዬ ልናገር ብሞክርም ጀማሪ ስለነበርኩ ማንም አልሰማኝም። ጋሼ አልተከራከሩም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሞኙ ነኝ፣ ይሄ ወረቀቱ» ብለው ደብተሩን ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለሱት።

እኔ ለዲግሪ ጎንደር ገባሁ። ስሸኝ «ተምረሽ ስትመለሺ ይሄንን ታነቢዋለሽ» አሉኝ። ስመለስ ጋሼ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተዋል። ቁም ሳጥኑም የለም። ግቢው ሲታደስ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ተሽጧል አለችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ። ከተማው ውስጥ ያሉትን ሱቆች ዞርኩ። አንዱ ባለሱቅ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ክምር አውጥቶ «ይሄ ነው የቀረኝ፣ እዪው» አለኝ። የወሊድ መዝገብ አለ። የእኛ የላቦራቶሪ ሬጅስተር ገጾችም አሉ፤ የሰው ስም ከነምርመራ ውጤቱ፣ በርበሬ ሊጠቀለልበት። (የበሽተኛ ምስጢር ስለሚባለው ነገር ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ደሜ ይፈላል።) ሰማያዊው ደብተር ግን የለም። ስላይዶቹንም ቢሆን እኛው በኦሞ እያጠብን መልሰን ተጠቅመንባቸዋል፤ ስላይድ ውድ ነበራ።

ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። የያኔው ኪት ፋልሲፓረምን የሚያውቀው ኤችአርፒ2 በሚባል ፕሮቲን ነው። ተህዋሱ ፕሮቲኑን ደም ውስጥ ይለቅቃል፤ ኪቱ ላይ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ይይዘዋል፤ መስመር ይወጣል። ፕሮቲኑ ተህዋሱ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። የጋሼ «የዋሸው» ይሄ ነው። «የካደው»ስ? እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን አንድ ጥናት ወጣ። የፕሮቲኑ ጂን ጨርሶ የሌላቸው የፋልሲፓረም ተህዋሶች ተገኙ። ያለ ጂኑም ይኖራሉ፣ ያሳምማሉ፤ ኪቱ ግን አያያቸውም። ከዚያ ነገሩ ጎረቤታችን ኤርትራ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጊንዳዕ ሆስፒታል ከተመረመሩት የፋልሲፓረም ናሙናዎች 80 በመቶ ያህሉ ጂኑ እንደሌላቸው አሳየ። ቀጥሎ እኛ። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢ ባሉ ወረዳዎች ወባ የተጠረጠሩ 12,572 ሰዎች ተመረመሩ። ከፋልሲፓረም በሽተኞቹ 9.7 በመቶ የሚሆኑትን ኪቱ በዚሁ ምክንያት ይስታቸዋል የሚል ግምት በ2021 ታተመ። የዓለም ጤና ድርጅት 5 በመቶ ሲደርስ ኪቱ ይቀየር ይላል።

ኪቱ ያገኘውን በሽተኛ አክመን ተህዋሱን እናጠፋለን። የሳተው ግን ከነተህዋሱ ቤቱ ይገባል፣ ትንኟ ትነክሰዋለች፣ ጂን የጎደለው ዘር ይቀጥላል። ምርመራችን ራሱ ለዚያ ዘር መንገድ ጠርጎለታል ማለት ነው። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ብዙ ሰዓት ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ጋሼ ከዓለም ቀድመው አገኙት እያልኳችሁ አይደለም። ኪቶቹ የሚቀመጡት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ እዚያ መግባት ያቃጥላል። ሙቀት አበላሽቷቸው ይሆናል። የሎት ቁጥሩ ቢኖር ግን መለየት ይቻል ነበር። ክህደቱ ከአንድ ሎት ብቻ ከሆነ ችግሩ የኪቱ ነው፤ ከየሎቱ ሆኖ ከአንድ ቀበሌ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ስላይዶቹ ቢኖሩ ኖሮ ደግሞ ከደረቀው ደም ዲኤንኤ ማውጣት ይቻል ነበር። አሁን አንዱም የለም። የሚያሳዝነኝ መልሱን ማወቅ የሚቻል ሆኖ መቅረቱ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ምርምር ሲባል የሚታያችሁ ነጭ ጋውን፣ ፒሲአር ማሽንና የውጭ አገር ስኮላርሺፕ ነው። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ዱባይ ለመቀጠር የሚወሰደው ፈተና። አልፈርድም፣ ደመወዙን አውቀዋለሁ። ግን ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ «የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ዕውቀትና አመለካከት» የሚል መጠይቅ ከአምናው ተማሪ ቀድታችሁ ከምታስሞሉ፣ በየቀኑ እጃችሁ ላይ የሚያልፈውን የማይገጥም ውጤት ብትቆጥሩ ይሻላል። ኤርትራም ውስጥ ነገሩ የተጀመረው ኪቱና ማይክሮስኮፑ አልስማማ ሲሉ ምነው ተብሎ በመጠየቁ ነው።

ስልክ ላይ ተጥዳችሁ ትውላላችሁ እያልኩ ስቆጣችሁ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ራሴን ልቃረን ነው። ያኔ እንደ እናንተ ስልክ ያለ ካሜራ ቢኖረኝ ደብተሩን ገጽ በገጽ አነሳው ነበር። ስለዚህ ስልኩን አልጠላም። ኤአይውም ይምጣ። ግን ስላይድ የሚያነብ ኤአይ የሚሠለጥነው ዓይን ያለው ሰው «ይሄ ቀለበት ነው፣ ይሄ ዝቃጭ ነው» ብሎ በሰየመለት ምስል ነው። ያ ሰው ከመካከላችሁ ካልወጣ ከሌላ አገር ይመጣል። የሌላ አገር ዓይን ደግሞ የእኛን ቫይቫክስ (ሌላውን የወባ ዓይነት) እና የእኛን አቧራ ያን ያህል አያውቀውም።

ነገሩም አላለቀም። 622አይ የሚባል የተህዋሱ ለውጥ እዚሁ አገራችን ተገኝቷል። ኮአርተም ውስጥ ያለውን የአርቴሚሲኒን ክፍል በከፊል ከመቋቋም ጋር ይያያዛል። ይሄንንም ለውጥ፣ ያንንም የጂን ጉድለት አንድ ላይ የያዙ ተህዋሶች እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። እንግዲህ ለምርመራም ለመድኃኒትም የሚያስቸግር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል። አርዲቲውም እየተለወጠ ነው፤ ፒኤልዲኤች የሚባለውን ኢንዛይም የሚፈልገው እየገባ ነው። እሱም የራሱ ጉድለት ይኖረዋል። መቼ እንደሚታይ የሚወሰነው ማን እያየ እንደሆነ ነው።

ለጠየቀኝ ልጅ አዎ፣ እለፋበት ነበር፤ ግን እንደ ጋሼ ጠዋት ማታ አይደለም። ለሁሉም በሽተኛ መቶ ፊልድ የሚያይ ሰው ዛሬ ወረፋው አያሠራውም። ኪቱን ተጠቀሙ። ኪቱ የለም ብሎ በሽተኛው ግን ወባ ወባ ሲላችሁ፣ ያኔ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ስላይዱን አትጠቡት። በፊልተር ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ደም አድርጉ፣ ፀሐይ ሳይነካው ይደር፣ ከደረቀ በኋላ ከእርጥበት መከላከያዋ ከረጢት ጋር ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ስም ሳይሆን ቁጥር ጻፉበት። የሎት ቁጥሩን አትርሱ። ከዚያ ክልል ላቦራቶሪ ደውሉ። መጀመሪያ ቀን ማንም ላያነሳው ይችላል። ከሰዓት በኋላ እንደገና ሞክሩ፤ ምሳ ላይ አይገኙም።