ሲጋራውን በቬፕ ቀየርኩ፤ ታዲያ ደረቴን ለምን ያመኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። 31 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። 9 ዓመት ሙሉ ሲጋራ አጭሻለሁ፤ በቀን ከ10 እስከ 12 ፍሬ። ከ5 ወር በፊት የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ይዞልኝ መጣና ከዚያ ወዲህ ሲጋራ ተውኩ ማለት ይቻላል። አሁን የማጨሰው ቅዳሜና እሁድ ጫት ስቅም ብቻ ነው፤ እሱም ቢበዛ 5 ወይም 6 ፍሬ። አልፎ አልፎ ከጓደኞቼ ጋር ሺሻ አለ። ማታ ለጨብሲ ሁለት ሦስት ቢራ። ሰሞኑን ግን ደረቴን ይወጋኛል፣ በተለይ ምርቃና ላይ ልቤ ይደልቃል፣ ጠዋት ጠዋት ያስለኛል። ጓደኞቼ ጨጓራ ነው ይሉኛል። ቬፕ ከሲጋራ ይሻላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ታዲያ ለምን አመመኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ልበልህ። መጀመሪያ የደረትህን ነገር እንጨርስ፣ የቬፑ ይቆየን።

እኛ አገር ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ወይ ጨጓራ ነው ወይ ብርድ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ተልባ ሲጠጡ ከርመው ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ልባቸው የተጎዳ ሰዎች አይቻለሁ። ያንተ ጨጓራ ሊሆን ይችላል፤ በባዶ ሆድ ቅመህ፣ በላዩ አጭሰህ፣ ማታ ቢራ ስትጨምርበት ጨጓራህ ቢያምህ አልገረምም። ግን ምርቃና ላይ የሚብስ ሕመም እና የሚደልቅ ልብ ሳይታይ አይታለፍም።

ምክንያቱን ልንገርህ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ፤ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። (ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚዳከም ነው ሁሉም ሰው ትኩሱን የሚፈልገው።) ካቲኖን ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ለልብ ደም የሚያደርሱትን ሥሮች ሊያኮማትር ይችላል። ኒኮቲንም የሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ ነው፣ ከሲጋራ ይምጣ ከቬፕ ለውጥ የለውም። ስለዚህ እየቃምክ ስታጨስ ልብህ እየሮጠ ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል፣ ኦክስጅን የሚመጣበት መንገድ ደግሞ ይጠብበታል። በዚያ ላይ ከሲጋራው ጭስና ከሺሻው ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የኦክስጅንን ወንበር ይቀማዋል። ሦስቱ በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ፍራሽ ላይ ይገናኛሉ። 31 ዓመት ለሃርት አታክ ገና ነው ብለህ እንዳትዘናጋ፤ ቃሚና አጫሽ ላይ በወጣትነትም ይመጣል።

ሕመሙ እንደ ድንጋይ የሚጫን ከሆነ፣ ወደ ክንድህ ወይም ወደ መንጋጋህ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ራስህን ልትስት ከመሰለህ እስኪነጋ አትጠብቅ። ምርቃናው ይውረድልኝ ብለህም አትጠብቅ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ ለሐኪሙም ምን እንደቃምክና እንዳጨስክ ንገረው። ብዙ ሰው እናቱ ወይም ሚስቱ አጠገቡ ስለቆሙ ይደብቃል። ሐኪሙ ምርመራውንም መድኃኒቱንም የሚመርጠው ይህን አውቆ ነው።

ሳሉስ? ስንት ጊዜ እንደሆነው አልጻፍክም። ሁለት ሳምንት ካለፈው የአክታ ምርመራ አድርግ፤ የሚያጨስ ሰው ለቲቢ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፣ አገራችን ደግሞ ቲቢ የጠፋባት አገር አይደለችም። "የአጫሽ ሳል ነው" ብሎ ራስን ማከም የለም።

አሁን ወደ ቬፑ። ከሲጋራ ይሻላል የተባልከው ውሸት አይደለም፤ ግማሹን ነው የነገሩህ። ሲጋራ ትንባሆ ያቃጥላል፤ ከጭሱ ውስጥ ከ7000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፣ ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር የሚያመጡ ናቸው። ቬፕ ፈሳሹን ያሞቃል እንጂ አያቃጥልም፤ ስለዚህ ሲጋራን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ቬፕ የሄደ አጫሽ ከእነዚህ መርዞች ብዙዎቹን ይቀንሳል። እንግሊዞች ለአዋቂ አጫሾች ማቆሚያ አድርገው የሚመክሩትም ለዚህ ነው። ቁም ነገሩ ያለው "እርግፍ አድርጎ" የሚለው ላይ ነው። አንተ አልተውክም፤ ቅዳሜና እሁድ ታጨሳለህ፣ በሌላው ቀን ቬፕ ትስባለህ።

የሒሳብ ሰው ስለሆንክ ይሄን ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ወጥቶ ነበር። በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ወደ 1 ቢወርድ የልብ በሽታ አደጋው ወደ አንድ ሃያኛ የሚወርድ ይመስልሃል አይደል? አልወረደም። በቀን 1 ብቻ የሚያጨሱት፣ 20 የሚያጨሱት ካለባቸው ተጨማሪ የልብ አደጋ ግማሽ ያህሉን ተሸክመው ተገኙ። የሳንባ ካንሰር ላይ መቀነስ የበለጠ ይጠቅማል፣ ልብ ላይ ግን "ቀነስኩ" የሚባል ነገር ብዙም አያዋጣም።

ሌላው የቬፕ ጣጣ ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ሲጋራ ያልቃል፣ ትጥለዋለህ፣ ሌላ ለመለኮስ ከቢሮ መውጣት አለብህ። ቬፕ ግን ጠረጴዛህ ላይ አለ፣ መኪና ውስጥ አለ፣ አልጋህ ላይ አለ። አይሸትም፣ ማንም አይቆጣህም። በቀን ስንት ጊዜ እንደሳብከው ብጠይቅህ መልስ የለህም፤ ሲጋራውን ግን በፍሬ ቆጥረህ ጽፈህልኛል። በዚህ መንገድ ከድሮው የበለጠ ኒኮቲን የሚወስዱ ሰዎች አሉ።

የማንጎ ጣዕሙም አያታልልህ፤ ለምግብ የተፈቀደ ማጣፈጫ ተሞቆ ሳንባ ይግባ አልተባለም። የሚሞቀው ሽቦም የብረት ብናኝ ሊለቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ቬፕ የሚስቡ ሰዎች ሳንባ በድንገት መታመም ጀምሮ፣ እስከ 2020 የካቲት ድረስ ከ2800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፣ 68 ሞቱ። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ይስቡ የነበረው የካናቢስ ዘይት ያለበትን ነው፤ ዋናው ጥፋተኛም ዘይቱን ለማቅጠን የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ያንተን ከዚያ ጋር አላመሳስልም። ግን እነዚያም ሰዎች ውስጡ ምን እንዳለ አያውቁም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም ሺሻንም በአገራችን እንዳይሸጡ ከልክሏል፤ ስለዚህ በሻንጣ የገባውን ያንተን ቬፕ እዚህ መርምሮ ያሳለፈው አካል የለም።

ስለ ሺሻ ብዙ አላወራም፤ "ውኃው ያጣራዋል" የሚለውን ግን ልቀበልህ አልችልም። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። ጭሱ ስለማይለበልብህ በረጅሙ ትስባለህ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በአንድ ሰዓት ያህል የሺሻ ቁጭታ ወደ ውስጥ የሚገባው ጭስ ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ክልክል ስለሆነ ደግሞ መስኮት ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ ነው የሚጨሰው። ራስ ምታቱና ማዞሩ ሲመጣ "ዛሬ ጠንከር ብሏል" ትባባላላችሁ። ጥንካሬ አይደለም፣ የከሰል መታፈን ነው።

እንግዲህ ምን ላድርግ ትለኛለህ። ሌላ ሐኪም ሲጋራውን አቁም ይልህ ይሆናል። እኔ ግን ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤ ያየሁት ሌላ ነው፤ ሲጋራው የሚመጣው ስትቅም ነው፣ እንቅልፍ የሚጠፋው ስለቃምክ ነው፣ ቢራውም ምርቃናውን ለመስበር ነው። (በነገራችን ላይ የቃመ ሰው ስካሩ ቶሎ አይታወቀውም፤ ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል።) እሁድ ማታ በቅጡ ሳትተኛ ሰኞ ትነቃለህ፣ ድካሙን በቡናና በቬፕ ትገፋዋለህ። ስለዚህ መጀመሪያ መነካት ያለበት በርጫው ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ብዬ ቅሜ አውቃለሁ፣ አጨስ የነበረውም ያኔ ብቻ ነበር። መቃም ሳቆም ሲጋራው ብዙም ሳያስቸግረኝ ቀረ። ሁሉም እንደኔ ይቀለዋል አልልም።

ለጓደኞችህ ሐኪም ከልክሎኛል በላቸው፤ ይኸው ከልክያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ከሆነ ግን እግርህ ራሱ ይወስድሃል፣ ስለዚህ ሌላ ቀጠሮ ያዝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል፣ ይደብርሃል፣ ዱካክም ሊጫንህ ይችላል። መንፈስ አይደለም፤ አእምሮህ ከማነቃቂያው ሲላቀቅ የሚያደርገው ነው፣ በቀናት ውስጥ ይቀላል። ድብርቱ ከጠናብህ ወይም ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ግን ብቻህን አትያዘው፣ ወደ ሕክምና ሂድ።

የኒኮቲኑ ሐራራ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ እየለዘበ ይሄዳል። አንዱ ሐራራ ሲመጣ ደቂቃዎች ቆይቶ ያልፋል፤ ተነስተህ ውኃ ጠጣ፣ ደረጃ ውረድ፣ ለሰው ደውል። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር አለ፤ ቡፕሮፒዮን እና ቫረኒክሊን የሚባሉ እንክብሎችም አሉ። በየፋርማሲው አታገኛቸውም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አትጀምራቸው፤ ለምሳሌ ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። አንተ ደግሞ ከምንም በፊት ልብህ መታየት አለበት።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳ፣ ግፊትህን ተለካ፣ ሳሉን ንገራቸው። ቬፑንም ይዘህ ሂድ፤ ጀርባው ላይ የኒኮቲኑ መጠን ተጽፎ ከሆነ ሐኪሙ ይየው፣ 5% ወይም 50 ሚሊግራም የሚል ከሆነ ቀላል ነገር አይደለም የያዝከው። የመጪውን ቅዳሜ በርጫ ዝለልና ደረትህ ያን ቀን እንዴት እንደዋለ፣ ከምርመራው ውጤት ጋር ጻፍልኝ።