ወደ ኤርታሌና ዳሎል በቡድን ለምትሄዱ፦ ከዋጋው በፊት ሰዓቱን ጠይቁ

እህቴ፣ ከአዲስ አበባ ሰመራ በአውቶቡስ፣ ከሰመራ ወዲያ በላንድክሩዘር ኤርታሌና ዳሎል የሚደርስ የቡድን ጉዞ ተመዝግበሽ፣ እስካሁን የወጣሁት እንጦጦና መናገሻ ብቻ ስለሆነ በረሃውንና ውጭ ማደሩን እችለዋለሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ትችይዋለሽ። ጤነኛ ከሆንሽና እንጦጦን ወጥተሽ ከወረድሽ እግርሽ አያሳፍርሽም። እኔ በዚያ መንገድ ከተለያዩ አዘጋጆች ጋር ሄጃለሁ፤ ሰው ሲጎዳ ያየሁት አቀበት ከብዶት ሳይሆን ባልሆነ ሰዓት ባልሆነ ቦታ ተገኝቶ ነው። ስለዚህ ቀሪውን ክፍያ ከመጨረስሽ በፊት አዘጋጁን በየቀኑ ስንት ሰዓት ላይ የት እንደምትሆኑ ጠይቂው። በደንብ የሚያውቀው ሰው ሳያመነታ ይነግርሻል። "እዚያው ስንደርስ እናየዋለን" ካለሽ ሌላ አዘጋጅ ፈልጊ።

የመጀመሪያው ቀን የአውቶቡስ ቀን ነው። እስከ ሰመራ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እስከ አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው፤ በሰቃ ሐይቅንና ፈንታሌን አልፋችሁ አዋሽ ከገባችሁ በኋላ ግን መንገዱ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ግመልና ፍየል ይሻገርበታል። አውቶቡሱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መንቀሳቀስ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበትን ሐዳርንም በዚያው ቀን እናያለን የሚል ፕሮግራም ካየሽ ተጠራጠሪ። ቦታው ታላቅ ነው፣ ግን ከዋናው መንገድ ስለሚያስገነጥል ቀኑን ይበላዋል፣ ሰመራ አጠገብ ወዳለችው ሎግያም በጨለማ ትገባላችሁ።

ሰዓት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። በአንደኛው ጉዞ ዳሎል ላይ በንጋት መድረስ ሲገባን፣ አዘጋጁ አርፋጅ እየጠበቀ፣ ቁርስም እየዘገየ ረፋዱን አሳለፈው። ጨዋማውን ኮረብታ መውጣት የጀመርነው ወደ 5 ሰዓት ገደማ ነው። አንዲት ጠንካራ ልጅ፣ ከሁላችን ፊት ፊት ትሄድ የነበረችው፣ መጀመሪያ ራሴን አመመኝ አለች፣ ቀጥሎ አቅለሸለሻት፣ ከዚያ የምትናገረው መዘባረቅ ጀመረ። አፋሩ መሪያችን አንድም ቃል ሳያባክን ወደ መኪናው ጥላ ወሰዳት፣ ነጠላዋን በውሃ ነክሮ አንገቷና ብብቷ ላይ አደረገው፣ አየር እንድታገኝም ሰዉን በተነ። ራሷን ስታውቅ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣት። ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሐኪም ግን በቅርብ የለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ሲጀምር ቁሚ፣ ተናገሪ። ጓደኛሽ መዘባረቅ ወይም መንገዳገድ ከጀመረች ደግሞ እሷ "ደህና ነኝ" ብትልም አትስሚያት።

ለዳሎል ትክክለኛው ሰዓት ይህ ነው፦ ከምታድሩበት መንደር ከሐመድ ኤላ ሳይነጋ ተነስታችሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ ቦታው ላይ ሆናችሁ፣ 3 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መኪና ውስጥ። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህ ሌሊቱና የታኅሣሥ ብርዱ ጭምር ገብቶበት የወጣ አማካይ ነው! ከኅዳር እስከ የካቲት ካልሆነ አትሂጂ። ቢጫና አረንጓዴ ሆነው የሚታዩት ኩሬዎች እንደ ባትሪ ውሃ የሚበሉ አሲዶች ናቸው፤ እጅሽን እንዳትነክሪ፣ ስስ የሆነው የጨው ቅርፊት ላይ እንዳትቆሚ፣ የምትወጃቸውንም ጫማዎች አትልበሺ። የአሳሌን የጨው ሐይቅ በሌላኛው ቀን አመሻሽ ላይ እዩት። ጨው ቆራጮቹን ካገኛችሁ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቂ። በዚያ ፀሐይ ጎንበስ ብሎ በመጥረቢያ ጨው የሚፈልጥ ሰው ስልክ ፊቱ ላይ ሲደቀንበት ደስ አይለውም፣ መብቱም ነው።

እሳተ ገሞራው ኤርታሌ ሌላ ነገር ነው። ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ስለሆነ ተራራ ብለሽ አትፍሪው። ድሮ ከዶዶም ካምፕ ተነስቶ ከመሸ በኋላ ለሦስት ለአራት ሰዓት ያህል በእግር ይኬድ ነበር፣ ፍራሹና ውሃው በግመል ተጭኖ። አሁን መኪና የበለጠ ይጠጋል፤ ቢሆንም የት እንደሚቆምና ከዚያ የእግሩ መንገድ ምን ያህል እንደሚወስድ ጠይቂ፣ መሬቱ ራሱ እየተለዋወጠ ነውና። በጥር 2009 ዓ.ም. የላቫው ሐይቅ ሞልቶ ከፈሰሰ፣ ጎኑም ከተሰነጠቀ ወዲህ በድሮ ፎቶ ላይ ያየሽው የሚንተከተክ ቀይ ሐይቅ ሁልጊዜ አይገኝም። ጭስ ብቻ አይተሽ ልትመለሺ ትችያለሽ፤ ይህን አምነሽ ሂጂ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤቱ እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ የአፍዴራ መንደሮችን ሸፍኖ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደርሷል። ስለዚህ በጉዞው ሳምንት አዘጋጁ ከሰመራ ወቅታዊውን ነገር አጣርቶ እንዲነግራችሁ በቡድን ሆናችሁ ጠይቁ፤ "ተዘግቷል" ሲባልም ገንዘቤ ብለሽ አትከራከሪ።

እዚያ ያለው አዲስ ድንጋይ እንደ መስታወት ይቆርጣል፣ ውስጡም ባዶ የሆነ አለ፣ መሪው የረገጠበትን ብቻ ርገጪ። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ፣ ወፍራም የእጅ ጓንት፣ በራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዢ። ነፋሱ ጭሱን ወዳንቺ ካዞረው ፎቶውን ተይና ዞር በይ፤ የድኝ ጋዝ ነው፣ በተለይ አስም ካለብሽ ለአዘጋጁ ቀድመሽ ንገሪው፣ መድኃኒትሽንም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስሽ ውስጥ አድርጊ።

ውሃ በቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር አስቢ፤ አዘጋጁ የሚያቀርበውን ቆጥረሽ የጎደለውን ከሰመራ ግዢ። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ከፋርማሲ ያዢ፣ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ከየትኛውም ጣፋጭ ብስኩት ይሻላሉ፣ ሙቀት አያበላሻቸውም። አንድ ነገር ግን ሰው አያነሳውም፦ ለጉዞው የሚመቸው ወቅት ጾመ ነቢያት የሚገባበት ነው። የጾም ምግብ እንዲኖር ከሳምንት በፊት ንገሪ፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማትቀምሺ ከሆነ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ረመዳን ውስጥ ከወደቀም ሾፌሮቹና መሪዎቹ ጾመኞች ስለሚሆኑ ቀኑ ቀለል እንዲል አዘጋጁን ጠይቁ።

ማደሩን በተመለከተ፣ ሐመድ ኤላ ውጭ በገመድ በተታታ አልጋ ላይ ነው የምትተኚው። ድንኳን ይሞቃል፣ እመኚኝ፣ አትፈልጊውም። ጋቢ ወይም ስስ ብርድ ልብስ ይበቃል፤ ለኤርታሌ ግን ሌሊት ነፋሱ ስለሚበረታ ጃኬት ጨምሪ። መጸዳጃ ቤት የለም ብለሽ ተነሺ። ሴቶቹ ከመጀመሪያው ቀን ተግባብታችሁ በጨለማ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዷ ነጠላ ትዘርጋ፣ ሶፍትና የወር አበባ ቆሻሻችሁን በላስቲክ ቋጥራችሁ መልሳችሁ ውሰዱ። ይህ በአፋሮቹ ደጅ ስለሆነ የምር ነው።

ስለ አፋሮቹ ልጨምር። በመንገድ ላይ መሪያችሁ ሌላ አፋር ሲያገኝ መኪናውን አስቁሞ ረጅም ሰላምታ ይለዋወጣል። ዳጉ ነው። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ እየተባባሉ ወሬውን በጥንቃቄ ያስተላልፋሉ፤ የሰማውን አጣምሞ የሚያወራ ሰው ዘንድ ዳጉ የለም። በቡድናችን ውስጥ "እንሂድ እንጂ!" እያሉ ጡሩንባ የሚያስነፉ ነበሩ፤ በጣም አዝኜባቸዋለሁ። የፊታችን አሸዋ መኪና እንደሚውጥና እንደማይውጥ፣ ዛሬ በየት ማለፍ እንደሚሻል የምታውቁት በዚያች ንግግር ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት አገር ከዚያ የተሻለ መረጃ የለም። ልብስሽ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ይሁን፣ ለፀሐዩም የሚሻለው ያው ነው። መጠጥ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ በግልጽ ተቃወሙት።

አዘጋጁን ስታገኚው ጎማውንም አትርሺ፦ ለእያንዳንዱ ላንድክሩዘር ስንት ትርፍ ጎማ አለ፣ መኪኖቹስ ተያይዘው ነው ወይ የሚሄዱት? ብቻውን ወደ በረሃ የሚገባ መኪና ላይ አትሳፈሪ። ከክልሉ የሚወጣው ፈቃድና አጃቢ በክፍያው ውስጥ መካተቱን በጽሑፍ ይላክላችሁ፤ ሰመራ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠየቅ ግማሹ ቡድን ሲጣላ አይቻለሁና። የራስ ባትሪ ለመግዛት ደግሞ አትቸኩዪ፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ የእኔን አውስሻለሁ፣ የጉዞውን ቀን ብቻ ጻፊልኝ።