መልስ፦ ለወንድምዎ ዊልቸር ስለ መምረጥ

ጠያቂያችን፣ ጀርባውን ተጎድቶ እግሮቹ ለማይታዘዙለት ወንድምዎ የገዙት ታጣፊ ዊልቸር በሰፈርዎ ኮብልስቶን ላይ የፊት ጎማው እንደተሰበረና አዲስ ለመግዛት አቅም እንደሌለዎት ጽፈዋል። ያ ወንበር ለሆስፒታል ኮሪደር እንጂ ለባሕር ዳር የውስጥ ለውስጥ መንገድ የተሠራ አይደለም።

አስቀድመው በከተማችን ያለውን የአካል ተሐድሶ ማዕከል ይጠይቁ፤ ልኩ በባለሙያ የተወሰደ ወንበር በግምት ከተገዛው በብዙ ይሻላል። በግልዎ የሚገዙ ከሆነ፣ የኋላ ጎማው 24 ወይም 26 ኢንች የብስክሌት ጎማ የሆነውን፣ የፊቱም ትልቅና ሰፊ የሆነውን ይምረጡ፤ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ስለሆነች (ይህ ዕድላችን ነው) ጎማና ኩሽኔታ የሚቀይር ጠጋኝ አያጡም፣ የውጭ መለዋወጫም አይጠብቁም።

እኔን ከወንበሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የመቀመጫው ትራስ ነው። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው ከጉዳቱ በታች ሕመም ላይሰማው ስለሚችል፣ መቀመጫው ላይ ሳያውቀው ቁስል ይወጣበታል፤ ይህም ቁስል ለወራት አልጋ ላይ ሊያውል፣ ሲመረቅዝም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ካነሰ ያገለገለ ወንበር ገዝተው በተረፈው ግፊት የሚቀንስ ወፍራም ትራስ ይግዙለት፤ እሱም በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በእጆቹ ተደግፎ ከመቀመጫው ከፍ ይበል ወይም ወደ ጎን ይዘንበል፤ ማታ ማታ ደግሞ ቆዳውን ይዩለት።