ርዕስሽን አትቀይሪ

የቢቸናዋ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ተናደድኩ። በአንቺ አይደለም።

ባሕር ዳር የኤሌክትሪካል ምሕንድስና አምስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የመመረቂያ ሥራሽ የሞባይል ስልክ ፓወር አምፕሊፋየር፣ ማለትም ሲግናሉን አጉልቶ ወደ አንቴናው የሚልከው ክፍል፣ ባትሪ እንዳያባክን ማድረግ ነው። ጓደኞችሽ «እዚህ አገር ስልክ ቢገጣጠም እንጂ አይነደፍ፤ ማን ሊቀጥርሽ ነው? አፕ ሥሪ» አሉሽ። አባትሽ ደግሞ ባንክ ቤት ግቢ ይሉሻል። የመውጫ ፈተናው፣ ማስተርሱና እንግሊዝኛውም አስጨንቀውሻል።

ሌላው ይቆየን፣ ከርዕሱ እንጀምር። አንቺ የምትሠሪው ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ ኤሌክትሪክ ነው። ያ ብክነት የስልክ ብቻ አይደለም።

ቁጥሩን እንየው። የተለመደ የ4ጂ ስልክ ቢበዛ 200 ሚሊዋት ገደማ ነው የሚያስተላልፈው። የአምፕሊፋየሩ ብቃት 40 በመቶ ቢሆን ከባትሪው 500 ይስባል። 300ው እጅሽን ያሞቃል። ይህም ደህናው ጊዜ ነው። የዘመኑ ሲግናል አልፎ አልፎ ጫፍ ይወጣል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ያን ጫፍ ሳያዛባ ማሳለፍ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሲግናሉ ከጫፉ በጣም ዝቅ ያለ ነው። የድግስ ድስት ጥዶ ለሁለት ሰው ወጥ መሥራት በይው። መጽሐፍሽ ክላስ ቢ የሚባለው የአምፕሊፋየር ዓይነት ብቃቱ እስከ 78.5 በመቶ ይደርሳል ይላል። እውነት ነው፣ ግን ጫፉ ላይ ብቻ። አማካዩ ላይ ሲወርድ ቁጥሩ ያሳፍራል። አንቺ የመረጥሽው ኤንቨሎፕ ትራኪንግ ቮልቴጁን ከሲግናሉ ጋር ከፍ ዝቅ እያደረገ ይህን ብክነት ይቀንሳል።

4ጂ ሲነደፍ ከስልክ ወደ ታወር ለሚሄደው ሲግናል ኤስሲ-ኤፍዲኤምኤ የሚባለው የአላላክ ዘዴ የተመረጠው በዋናነት ጫፉ እንዲቀንስና ለስልኩ አምፕሊፋየር እንዲቀለው ነው። ጓደኞችሽ የናቁት ዕቃ የዓለምን ስታንዳርድ ያስጎነበሰ ዕቃ ነው።

«እናቴ ጓሮ ካልወጣች አይሰማትም፤ ስልኳ ይግላል፣ ባትሪውም ማታ አይደርስም» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ለምን አለፍሽው? ታወሩ ሲርቅ ስልኩ ጉልበቱን ይጨምራል፣ አምፕሊፋየሩም ያኔ ነው የሚጋለው። ስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ የሲግናሉ መጠን ዲቢኤም በሚባል የኃይል መለኪያ ይታያል። ባሕር ዳር ላይ መዝግቢ፣ ቢቸና ስትሄጂ ጓሮና ሳሎን መዝግቢ። አንድ ዓይነት ፋይል እየላክሽ ባትሪው ስንት እንደወረደ አብረሽ ጻፊ። ከዚያ ስልክ ጠጋኝ ጋ ሂጂና የሞተ ቦርድ ለምኚ። መሸፈኛ ቆርቆሮው ሲነሳ አምፕሊፋየሩን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ላቦራቶሪ የለም ብሎ መቀመጥ አያዋጣም።

ሥራውን በተመለከተ፣ እኔ ከመምከሬ በፊት የታወር ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ጮቄ ተራራ አካባቢ መብራት ሲጠፋ ሳይቱ፣ ማለትም የታወሩ ጣቢያ፣ መጀመሪያ በባትሪ፣ ቀጥሎ በጄኔሬተር ይሠራል። ክረምት መኪና የማይገባበት መንገድ አለ፤ ያኔ ናፍጣው በጀሪካን፣ በአህያ ይወጣል። ቤዝ ስቴሽን ላይ፣ ማለትም ታወሩ ላይ ከስልኮች ጋር የሚገናኘው መሣሪያ ላይ፣ ዋነኛው ኤሌክትሪክ በላተኛ ደግሞ ፓወር አምፕሊፋየሩ ነው። እሱ ያባከናትን እያንዳንዷን ዋት አህያዋ ተሸክማታለች። አሜሪካዊው ዊሊያም ዶኸርቲ በ1936 እ.ኤ.አ. ለሬዲዮ ማሠራጫ ያወጣው የአምፕሊፋየርን ብክነት የሚቀንስ ዘዴ ዛሬም ታወር ላይ ይሠራል። አንድ ምዕራፍ ጨምሪና የአንቺን ዘዴ ከዶኸርቲ ጋር አወዳድሪ። ያኔ ቀጣሪ ፊት ስትቀርቢ ሥራሽ የነዳጅ ሒሳብ ይሆናል።

ስትመረቂ ለኢትዮ ቴሌኮም፣ ለሳፋሪኮም፣ ለሁዋዌና ለዜድቲኢ፣ ከሥራቸው ላሉ ኮንትራክተሮችም አመልክቺ። የሳይት ጥገና ቢሰጡሽ አትናቂ። ማስተርሱ ይቆይ። ታወር ሥር ሁለት ክረምት ያሳለፈ ሰው ማስተርስ ሲገባ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

አባትሽ «ሴት ልጅ ምሰሶ ላይ አትንጠለጠልም» ማለታቸውን ጽፈሻል። አከብራቸዋለሁ፣ ግን ተሳስተዋል። ቀበቶውና ገመዱ የወንድና የሴት የለውም፤ ደግሞም የሬዲዮ መሐንዲስ አብዛኛው ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው። እሳቸውን ያስጨነቃቸው የጎረቤት ወሬና ለአንቺ ትምህርት የተበደሩት ገንዘብ ይመስለኛል። ለወሬው መድኃኒት የለኝም። ለብድሩ ግን ከመጀመሪያ ደመወዝሽ ጀምሮ በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ እንደምትልኪ ንገሪያቸው፣ ላኪም። ሙያሽን ግን ለብድር መያዣ አታድርጊው። ባንክ ቤትም ቢሆን የጀማሪ ደመወዝ የጀማሪ ነው። ገንዘብ ቆጠራ ከሆነ መጨረሻው፣ አካውንቲንግ ተምረሽ ቀደም ብለሽ ትመረቂ ነበር።

የመውጫ ፈተናውን ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች እየሠራሽ ተዘጋጂ፣ ያልፋል። የወጪ መጋራት ዕዳሽን ከወዲሁ አስቢበት፤ ኦሪጅናል ዲግሪሽን ሲጠይቁሽ እንዳትደናገጪ። እንግሊዝኛሽ ዳታ ሺት፣ የዕቃውን ቴክኒካዊ መግለጫ፣ ካነበበ ለጊዜው ይበቃል።

የኮምፒውተር ሲሙሌሽኑን ስትጨርሺ ግራፉን ላኪልኝ። ጫፍ ላይ ያለውን ብቃት አይደለም የምፈልገው፤ አማካይ ኃይሉ ላይ ያለውን፣ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት ራሱ የሚበላውንም ኤሌክትሪክ ደምረሽ።