ለመተግበሪያ ሠሪ ወጣቶች፦ የሺፍት ምልክትን አትናቁ

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «የሺፍት ምልክት የኪቦርዱ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብሎ ጠየቀኝ። ሺፍት መብራት አለመብራቱን የምታሳየውን ምልክት ማለቱ ነው። ጥያቄው የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው፤ ድሮ የታወቀ ነገር ደጋግሞ ሲረሳ ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፓይለት የተባለው የእጅ ኮምፒውተር ስክሪኑ 160 በ160 ፒክስል ነበር። በብዕር አንዴ ወደ ላይ ሲሰመር ቀጣዩ ፊደል ብቻ ካፒታል ይሆናል፤ ሁለቴ ሲሰመር ካፒታሉ ይቆለፋል። ይህን የምታሳየው ከታች በቀኝ ጥግ የምትቀመጥ ትንሽ ምልክት ናት። ምልክቷን የሚቀያይራት ሲስተሙ ነው፤ ጽሑፍ በሚሞላበት ፎርም ሁሉ ላይ ማስቀመጥ ግን የፕሮግራመሩ ድርሻ ነበር። ቢረሳትም ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ተጠቃሚው ብቻ ምን እንደሚጻፍለት ሳያውቅ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ጉድለት በሙከራ ጊዜ አይታይም፤ ሞካሪው ምን እንደነካ ያስታውሳላና።

ያ ሁሉ ታውቆ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የአይፎን ሲስተም የሆነው አይኦኤስ 7 ሲወጣ ሺፍት መብራት አለመብራቱ በቀለም ልዩነት ብቻ የሚለይ ሆነ። በቁልፎቹ ላይ ያሉት ፊደሎች ደግሞ ሁልጊዜ ካፒታል ነበሩ። ሰው ግራ ተጋባ። በ2014 በአይኦኤስ 7.1 ቀለሙ ተቀየረ፤ ግራ መጋባቱ አልቀረም። መፍትሔው የመጣው በ2015 ነው፤ በአይኦኤስ 9 ሺፍት ሲጠፋ የቁልፎቹ ፊደሎች ራሳቸው ትንንሽ ሆኑ። የዛሬ ወጣቶች ቀለም ላይ ያላችሁ እምነት ከልክ ያለፈ ነው።

ትልልቆቹም የሚሳሳቱበት ነውና የራሳችሁን ኪቦርድ አትሥሩ። ለግዕዝ ፊደል ግን አንዳንዴ ግድ ይላል። ካፒታል የሚባል ነገር ስለሌለ፣ በብዙ ኪቦርዶች ሺፍት «ተ»ን «ጠ» ያደርጋል፤ ያኔ ምልክቱን መሳት ቃሉን ያበላሻል። ሺፍት ሲነካ የሁሉም ቁልፍ ጽሑፍ ይቀየር። ሦስቱን ሁኔታዎች፣ ማለትም የጠፋ፣ ለአንድ ፊደል የበራና የተቆለፈ፣ በቅርጽ ለዩአቸው፤ ለተቆለፈው በሺፍት ቁልፉ ላይ ካለው ቀስት ሥር መስመር ይበቃል። ከዚያ የስክሪኑን ፎቶ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ምንም ላልነካ ሰው አሳዩት። መለየት ካቃተው ሥራው አላለቀም።

ከስልኩ ጋር በሚመጣው የሲስተሙ ኪቦርድ ስትጠቀሙ ደግሞ በተጠቃሚ ስምና በኢሜይል መስኮች ላይ አውቶማቲክ ካፒታሉን አጥፉ። የይለፍ ቃል በነጥብ ስለሚሸፈን የማሳያ ቁልፍ ስጡት፤ ውጫዊ ኪቦርድ ተሰክቶ ካፒታልን የሚቆልፈው ካፕስ ሎክ ከበራ ማስጠንቀቂያውን ከመስኩ አጠገብ በጽሑፍ አሳዩ። ያው ጽሑፍ ለዓይነ ስውራን ስክሪኑን በድምፅ በሚያነበው ስክሪን ሪደርም መነበብ አለበት።